የዩኒቨርሲቲ አክስለሬተር ምን ይሠራል? ለድሬዳዋ ተማሪ፣ ለወላጁና ለነጋዴው

ኢንጂነሪንግ የተማረ ሰው ሁሉ የመመረቂያ ፕሮጀክትን ነገር ያውቀዋል። አራት አምስት ተማሪዎች ተቧድነው ለወራት ይደክማሉ፤ ዕቃ ይሠራሉ ወይም ሶፍትዌር ይጽፋሉ፤ መምህራን ፊት ያቀርባሉ፤ ውጤት ያገኛሉ፤ ይመረቃሉ። የሠሩት ዕቃ ላቦራቶሪ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፣ ጽሑፉ ቤተ መጻሕፍት ይገባል፣ ልጆቹ ሥራ ፍለጋ ይበተናሉ። መደርደሪያው ላይ ካለው አብዛኛው ገበያ ቢወጣ ገዢ አያገኝም። ጥቂቱ ግን ያገኛል። የትኛው እንደሚያገኝ የሚፈትሽ ሰው ስለሌለ ሁሉም እኩል አቧራ ይጠጣል።

አክስለሬተር የሚባለው ፕሮግራም ሥራው ይህንን መፈተሽ ነው። ልጁ “ስታርትአፕ ልጀምር ነው” ያለው ወላጅ፣ “ተወዳድረን አለፍን” የሚባል ነገር የሚሰማ ነጋዴ፣ ማስታወቂያ አይቶ ልመዝገብ አልመዝገብ የሚል ተማሪ፣ ነገሩ ምን እንደሆነ በቀጥታ የሚነግራቸው አያገኙም። ስለዚህ ከመጀመሪያው እንጀምር።

ስታርትአፕ ማንኛውም አዲስ ንግድ አይደለም። ሳቢያን ላይ ካፌ የሚከፍት ሰው ምን እንደሚሸጥ፣ ለማን እንደሚሸጥ፣ ኪራዩ ስንት እንደሆነ አስቀድሞ ያውቃል፤ ከእሱ በፊት ብዙ ሰው ካፌ ከፍቷል። ስታርትአፕ የሚባለው ከዚህ በፊት በዚያ መልክ ያልተሸጠ ነገር ይዞ ማን እንደሚገዛውና በስንት እንደሚገዛው ገና እየፈለገ ያለ ድርጅት ነው። መልሱን ካገኘ ከከተማ ወደ ከተማ በፍጥነት መስፋፋት ይችላል። ሁለቱም የተከበረ ሥራ ነው፤ የሚያስፈልጋቸው ድጋፍ ግን ለየቅል ነው። ካፌው ብድርና ጥሩ ቦታ ይፈልጋል። ስታርትአፑ ከብድር በፊት መልስ ይፈልጋል።

ድጋፍ ሰጪዎቹም ሁለት ዓይነት ናቸው፤ ስማቸው ብዙ ጊዜ ይቀላቀላል። ኢንኩቤተር፣ ወይም እኛ ዘንድ እንደሚባለው የኢንኩቤሽን ማዕከል፣ መነሻው በ1959 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በኒው ዮርክ ግዛት ባታቪያ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። የእርሻ መሣሪያ የሚሠራ ትልቅ ፋብሪካ ተዘግቶ የከተማው ሰው ሥራ ሲፈታ፣ ጆሴፍ ማንኩሶ የተባለ ነጋዴ ሕንጻውን ከፋፍሎ ለትንንሽ ድርጅቶች አከራየ፤ ከኪራዩ ጋርም ምክርና የጋራ የቢሮ አገልግሎት ጨመረላቸው። ኢንኩቤተር ዛሬም ይኸው ነው፦ ቦታ፣ መብራት፣ ኢንተርኔት፣ ምክር። ቡድኑ ዓመትም ሁለት ዓመትም ሊቆይ ይችላል።

አክስለሬተር ግን የጊዜ ገደብ አለው። በ2005 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ዋይ ኮምቢኔተር ያመጣው ለውጥ ይህ ነበር፦ ጀማሪዎችን አንድ በአንድ ከመደገፍ ይልቅ በዙር አስገብቶ ሦስት ወር ብቻ መስጠት፣ በሦስተኛው ወር መጨረሻም ሁሉንም በአንድ ቀን ባለሀብቶች ፊት ማቆም። ድሮፕቦክስና ኤርቢኤንቢ የተባሉት ኩባንያዎች በዚህ በር ነው ያለፉት። ዩኒቨርሲቲዎችም አሠራሩን ወሰዱት። የስታንፎርድ ተማሪዎች በ2011 እ.ኤ.አ. ገደማ ስታርትኤክስ የተባለውን የራሳቸውን ማኅበረሰብ አቋቋሙ፤ የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም ዴልታ ቪ የሚባል የክረምት ፕሮግራም አለው፤ እዚህ ጎረቤታችን ናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ሲፎርዲላብ አለው።

እኛም አገር ነገሩ እንግዳ አይደለም። የመጀመሪያው የኢትዮጵያ የፈጠራ ማዕከል የሚባለው አይስአዲስ በ2011 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ነው፤ ልደታ በሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕንጻ፣ የሕንጻ ግንባታና የከተማ ልማት ኢንስቲትዩት። ማርቆስ ለማና ባልደረቦቹ ነበሩ የመሠረቱት። በኋላ ከግቢው ወጥቶ ራሱን ቻለ። በ2013 እ.ኤ.አ. ከተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ጋር የተቋቋመው የኢንተርፕርነርሽፕ ልማት ማዕከል፣ ዛሬ በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ሥር ኢንስቲትዩት ሆኖ፣ ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ይሠራል። የኢትዮጵያ ምርት ገበያን የመሠረቱት ዶክተር እሌኒ ገብረመድህን ደግሞ በግብርና ላይ ያተኮረውን ብሉሙን የተባለ ኢንኩቤተር አቋቁመው ነበር። አይኮግ ላብስ የተባለው የቴክኖሎጂ ድርጅት የሚያዘጋጀው ሶልቭ አይቲ የተባለው የወጣቶች ውድድር ከአዲስ አበባ ውጪ ባሉ ከተሞችም ተካሂዷል፤ ድሬዳዋ አንዷ ነበረች። በ2016 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሳይንስ ሙዚየም ውስጥ “ስታርትአፕ ኢትዮጵያ” በሚል ስም ትልቅ ዐውደ ርእይ ተከፈተ፤ ስታርትአፕን ለይቶ የሚያውቅ አዋጅም በ2017 ዓ.ም. ወጣ።

ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን ስበቱ ወደ አንድ ከተማ ነው። ባለሀብቱ አዲስ አበባ ነው፣ ኤምባሲው አዲስ አበባ ነው፣ ዐውደ ርእዩም እዚያው ነው። የድሬዳዋ ተማሪ ከአምስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አምስት ደቂቃ ተናግሮ ይመለሳል። እኔ የምለው ድሬዳዋ ለዚህ ሥራ የሚያስፈልጋት ዋናው ነገር አዲስ አበባ አይደለም፤ እዚያው በእጇ ነው።

ከተማዋን ያስገኛት ነገር ራሱ የአንድ ድፍረት የተሞላበት ኩባንያ ታሪክ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1894 እ.ኤ.አ. ለስዊዘርላንዱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ፈቃድ ሰጡት፤ እሱም ከፈረንሳዊው ሊዮን ሼፍኖ ጋር ኩባንያ አቋቋመ። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ ሐረር ይገባል ተብሎ ነበር የታሰበው፤ ተራራው ስላስቸገረ ግን ከታች ሜዳው ላይ ቀረ። በ1902 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ባቡሩ የደረሰበት ሜዳ ድሬዳዋ ሆነ። ኩባንያው ገንዘብ አልቆበት በ1907 እ.ኤ.አ. ከሰረ፤ በቀጣዩ ዓመት በሌላ ኩባንያ ተተካ፤ ሐዲዱም በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ደረሰ። ዕቅዱ ተቀየረ፣ ገንዘቡ አለቀ፣ ባለቤቱ ተለወጠ፤ ከተማዋ ግን ቆመች።

ከዚያ ታሪክ ለዛሬ የተረፉ ሁለት ሀብቶች አሉ። አንደኛው እጅ ነው። የባቡሩ ወርክሾፕ ለብዙ አሥርት ዓመታት የከተማዋ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ሆኖ ኖሯል። ቶርኖ ላይ የቆመ፣ የጠፋ መለዋወጫ ከብረት ቀርጾ የሚተካ፣ የሞተርን ድምፅ ሰምቶ ሕመሙን የሚያውቅ ባለሙያ ከዚያ ወጥቷል፤ ሙያውም ወደ ጋራዦችና ወደ ብረታ ብረት ቤቶች ተላልፏል። ለተማሪ የሙከራ ዕቃ (ፕሮቶታይፕ) ከእንዲህ ያለ ባለሙያ የተሻለ አስተማሪ የለም።

ሁለተኛው ንግድ ነው። ቀፊራ፣ ታይዋን፣ አሸዋ፣ መጋላ፤ እነዚህ ስሞች ለድሬ ሰው አድራሻ ብቻ አይደሉም። ዕቃ በዱቤ የሚወሰድባቸው፣ ቃል እንደ ፊርማ የሚታይባቸው፣ የጅቡቲ ዋጋ ጠዋት ሲቀየር ከሰዓት በኋላ የሚታወቅባቸው ገበያዎች ናቸው። ነጋዴው ደንበኛውን በአማርኛ ጀምሮ በአፋን ኦሮሞ ያስረዳዋል፣ በሶማሊኛ ይከራከረዋል። በዚህ ላይ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መደበኛ አገልግሎት እየሰጠ ነው፤ የአገሪቱ የመጀመሪያው ነፃ የንግድ ቀጠናም ነሐሴ 2014 ዓ.ም. በድሬዳዋ ተመርቋል። ሲሚንቶ ፋብሪካውም አለ።

ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ነው ተማሪ መቀበል የጀመረው። የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለው፣ የቢዝነስና ኢኮኖሚክስ ኮሌጅ አለው። በግቢውና በገበያው መካከል ያለው ርቀት በባጃጅ ደቂቃዎች ነው። ተማሪው ግን ቀፊራ የሚሄደው ለመግዛት ነው፤ ነጋዴውም ግቢ የሚገባው ልጁ የተመረቀ ቀን ነው። የዩኒቨርሲቲ አክስለሬተር ድሬዳዋ ላይ ሊሠራው የሚገባው ቁም ነገር ይህን ማስተካከል ነው።

አንድ ቡድን በፕሮግራሙ ውስጥ እንዴት እንደሚያልፍ ለማየት ምሳሌ እንውሰድ። ልጆቹ ለምሳሌ ያህል ያሰብኳቸው ናቸው።

ሦስት ተማሪዎች ናቸው እንበል፤ ሁለቱ መካኒካል ኢንጂነሪንግ፣ አንዷ አካውንቲንግ። ያለ መብራት አትክልት የሚያቀዘቅዝ ሣጥን ሠርተዋል። ሳይንሱ ቀላልና ትክክል ነው፦ ውሃ ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል፤ የሸክላ እንስራ ውሃን የሚያቀዘቅዘውም በዚህ ነው፤ አየሩ ደረቅ በሆነ ቁጥር ደግሞ ይበልጥ ይሠራል፣ የድሬ አየርም ደረቅ ነው። በናይጄሪያ ሞሐመድ ባህ አባ የተባለ መምህር በሁለት ሸክላ መካከል እርጥብ አሸዋ አድርጎ ይህንኑ ሠርቶ በ2000 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝቶበታል። የኛ ልጆች ደንበኛቸውን መርጠዋል፦ የቀፊራ ቲማቲም ሻጮች። ዋጋ ተምነዋል፤ የሚያቀርቡበትን ስላይድ አሳምረዋል።

በመጀመሪያው ሳምንት የፕሮግራሙ መሪ ሣጥኑን አሳዩኝ አይላቸውም። ቀፊራ ይልካቸዋል፤ ሃያ ሻጮችን አናግሩ ይላቸዋል። አንድ ጥብቅ ሕግም አለ፦ ስለ ሣጥናችሁ እንዳትናገሩ። ሣጥኑን ካሳዩ ሰው ልባቸው እንዳይሰበር ብሎ “ጎበዝ፣ ጥሩ ነው” ይላቸዋል፤ እንዲህ ያለው መልስ ለምንም አይጠቅምም። መጠየቅ ያለባቸው ያለፈውን ነው። ለመጨረሻ ጊዜ የተበላሸብሽ መቼ ነው? ስንት ኪሎ ነበር? ምን አደረግሽው? ስንት ብር ሄደ?

ሰዓት መምረጥም ሥራ ነው። ጠዋት እስከ አምስት ሰዓት ገደማ ነጋዴው ሥራ ላይ ነው። ቀትር ላይ ሙቀቱ ሲበረታ ድሬ ሱቋን ትዘጋለች፤ ከአሥር ሰዓት በኋላ ነፍስ ትዘራለች። ያኔ ሻጩ ይቀመጣል፣ ያወራል። ሦስቱ ልጆች ቋንቋ ይከፋፈላሉ፤ አንዱ አፋን ኦሮሞ፣ አንዱ ሶማሊኛ፣ አንዷ አማርኛ።

አንዲት ሻጭ እንዲህ ትላቸዋለች እንበል፦ “አቦ ልጄ፣ ቲማቲም እኔ ጋ መች ያድራል? ማታ በርካሽም ቢሆን እጨርሰዋለሁ። እኔን የሚጎዳኝ መኪና ላይ ነው። ከእንጨት ሣጥኑ ሥር ያለው ተጨፍልቆ ይደርሳል፤ ሙሉውን ግን ነው የምከፍለው።” ሌላዋም ይህንኑ ትላለች። አሥረኛዋም።

ችግሩ ሙቀት ሳይሆን ጭነት ሆነ ማለት ነው። ልጆቹ ይደነግጣሉ፤ መደንገጣቸውም ተገቢ ነው፣ ለወራት የደከሙበት ነገር ነው። ፕሮግራሙ የሚፈለገው በዚህ ቀን ነው። ብቻቸውን ቢሆኑ ወይ ሣጥኑን ይዘው ግግም ይላሉ፣ ወይ ተስፋ ቆርጠው ይተዉታል። አማካሪያቸው ግን ሌላ ጥያቄ ይሰጣቸዋል፦ በመጨፍለቁ ገንዘብ የሚጠፋበት ማን ነው? ሹፌሩ አይደለም፤ ገበሬውም አይደለም፤ ተቀባይዋ ናት። የእንጨቱን ሣጥን የሚገዛው ማን ነው? እሷ አይደለችም። የሚጎዳው ሰውና ዕቃውን የሚመርጠው ሰው የተለያዩ ስለሆኑ ነው ችግሩ ሳይፈታ የኖረው።

አካውንቲንግ የምታጠናው ልጅ መፍትሔውን እዚያው ገበያ ውስጥ ታገኘዋለች። የለስላሳ መጠጥ ሣጥን እንዴት ነው የሚሠራው? ነጋዴው መያዣ ይከፍላል፣ ባዶውን ይመልሳል፣ መያዣው ይታሰብለታል። ጠንካራ የፕላስቲክ ሣጥን ለቲማቲም ጭነት በዚሁ መልክ ቢከራይስ? በስድስተኛው ሳምንት ጥቂት ሣጥን ተውሰው በአንድ መስመር ላይ፣ ከሁለት ተቀባዮች ጋር ይሞክሩታል። የተጨፈለቀውን በሚዛን ይመዝናሉ፤ በእንጨቱ ስንት ኪሎ፣ በፕላስቲኩ ስንት ኪሎ። ከዚያ ከባዱን ነገር ይጠይቃሉ፦ የሚቀጥለውን ሳምንት ኪራይ አሁኑኑ ክፈሉን። ከከፈሏቸው ድርጅት አላቸው። “በሌላ ጊዜ” ከተባሉ ገና አላገኙትም። ፕሮግራሙ ሲያበቃ የሚያቀርቡት ስላይድ ሳይሆን ይህ የሚዛን መዝገብና ደረሰኝ ነው። ማቀዝቀዣው ምናልባት ለጭማቂ ቤት ወይም ለሆቴል ይሆን ይሆናል፤ እሱም ተራው ሲደርስ ይጠየቃል።

ይህ አካሄድ የእኔ ፈጠራ አይደለም። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችን የሚያሠለጥንበት አይ-ኮርፕስ የተባለ ፕሮግራም እያንዳንዱ ቡድን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወደ መቶ የሚጠጉ ሰዎችን እንዲያነጋግር ያስገድዳል። ፕሮፌሰሮችም ጭምር።

አክስለሬተር ከሥልጠና የሚለየውም በዚህ ነው። አገራችን ውስጥ የአዳራሽ ሥልጠና በዝቷል። የኢንተርፕርነርሽፕ ልማት ኢንስቲትዩት ኢምፕሬቴክ የተባለውን፣ በተባበሩት መንግሥታት የንግድና ልማት ጉባኤ የተዘጋጀውን ሥልጠና ሲሰጥ ኖሯል፤ ሰው ራሱን እንዲያውቅ፣ ግብ እንዲያስቀምጥ ይረዳል፤ ጥሩ መነሻ ነው። ግን ሰርተፊኬት ይዞ የወጣ ሰው ደንበኛ ይዞ ወጣ ማለት አይደለም። አንድ ፕሮግራም ሳምንቱን ሙሉ አዳራሽ ውስጥ የሚያውላችሁ ከሆነ፣ ስሙ ምንም ይሁን ምን አክስለሬተር አይደለም።

አማካሪ ስለሚባለው ሰውም ልናገር። ጥሩ አማካሪ ንግግር አድራጊ አይደለም። ስልክ ደውሎ “እነዚህን ልጆች አስር ደቂቃ ስጣቸው” የሚል፣ ውል አንብቦ “ይህን አንቀጽ አትፈርሙ” የሚል፣ ቶርኖ ቤት ወስዶ “ይህ ብረት አይችልም” የሚል ሰው ነው። ድሬዳዋ ላይ እንዲህ ያለው ሰው ፒኤችዲ ላይኖረው ይችላል። የባቡሩ ጡረተኛ መካኒክ፣ ሃያ ዓመት ከጅቡቲ ዕቃ ያስገባ አስመጪ፣ ቀፊራ ላይ የሴቶችን ዕቁብ የምትሰበስብ ሰብሳቢ፤ እነዚህ ናቸው። ዩኒቨርሲቲው ቦታ ሰጥቶ፣ አክብሮ ሊጠራቸው ይገባል፤ በዓል ሲሆን ብቻ ሳይሆን በየሳምንቱ።

ማኅበረሰብ የሚባለው ነገር ከዚህ ይበቅላል። አብረው የገቡ ቡድኖች ሦስት ወር ሙሉ አንዱ የሌላውን ድካም ያያል፤ የአንዱ ደንበኛ ለሌላው ይተርፋል፤ ኮድ የሚጽፈው ለሣጥን አከራዮቹ መዝገብ ይሠራላቸዋል፣ እነሱ ለእሱ የመጀመሪያ ደንበኛ ይሆኑታል። ባለፈው ዙር ያለፉት ለአዲሶቹ ይመክራሉ። ስታርትኤክስም ሆነ ዋይ ኮምቢኔተር ከገንዘባቸው ይልቅ የሚታወቁት ባለፉ አባላቶቻቸው መረብ ነው። የድሬ ልጅ ደግሞ በዚህ በኩል የሚያስተምረው የለም፤ ተቀምጦ መጫወት፣ እንግዳ ማቅረብ፣ ወዳጅ ማፍራት ያውቃል። የጎደለው ያ ጨዋታ ሥራ የሚሆንበት ቋሚ ቀንና ቋሚ ቦታ ነው።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ፤ ወላጅ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነውና። አክስለሬተሮች በሁለት መንገድ ይሠራሉ። አንዳንዶቹ ገንዘብ ሰጥተው ድርሻ ይወስዳሉ፤ ዋይ ኮምቢኔተር ለምሳሌ ለ125,000 ዶላር የድርጅቱን 7 በመቶ ይወስዳል። ድርጅቱ ነገ ቢሸጥ ከመቶው ብር ሰባቱ የእሱ ነው ማለት ነው። ሌሎቹ፣ እንደ ስታርትኤክስ ያሉት፣ ድርሻ ሳይወስዱ ያግዛሉ። በአገራችን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችና በለጋሾች የሚደገፉ ፕሮግራሞች ዘንድ የተለመደው የሽልማት ወይም የእርዳታ ገንዘብ ነው፤ መልሱ አይባልም፣ ድርሻም አይወሰድበትም።

ስለ ሽልማት አንድ ስጋት አለኝ። ገንዘቡ ከደንበኛው ቀድሞ ከመጣ ልጆቹ ፊታቸውን ወደ ቀጣዩ ውድድር ያዞራሉ። ከመድረክ መድረክ እየዞሩ የሚያሸንፉ፣ ገበያ ላይ ግን አንድ ዕቃ ያልሸጡ ቡድኖች ይበዛሉ። ውድድር አዘጋጆች ሽልማቱን ከፋፍለው፣ ግማሹን በመድረኩ ቀን፣ ግማሹን የመጀመሪያው ሽያጭ በደረሰኝ ሲረጋገጥ ቢሰጡ እላለሁ።

ከሽልማት በኋላ የሚመጣው ብድር ነው፤ እዚያ ላይ ባንኩ የቤት ካርታ ይጠይቃል። ተማሪ ቤት የለውም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና አዋጅ ማሽንና ሸቀጥ የመሰሉ ንብረቶች መያዣ እንዲሆኑ ይፈቅዳል፤ ባንኮች ጋ ሄዶ በስሙ ጠርቶ መጠየቅ ተገቢ ነው። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግም አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም ፈቅዷል። ይህ ለጀማሪ ትልቅ ነገር ነው፦ ድርጅቱ ቢከስር የግል ንብረቱ፣ የወላጁም ቤት፣ ከዕዳው እንዲለይ መንገድ ይከፍታል። ወላጅ ግን ለልጁ ብድር በግሉ ዋስ ሆኖ ከፈረመ ይህ ከለላ ለእሱ አይሠራም። ይህን ሳያውቅ የሚፈርም ብዙ ነው።

ቀጥሎ የባለቤትነት ጉዳይ አለ። በግቢው ላቦራቶሪ፣ በመምህር ምክር የተሠራ ዕቃ የማን ነው? ሶፍትዌር በ1996 ዓ.ም. በወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ይጠበቃል፤ ዕቃ ከሆነ በ1987 ዓ.ም. የወጣው የፈጠራ አዋጅ ይመለከተዋል። በዚያ ሕግ ተቀጣሪ በሥራው የፈጠረው በመሠረቱ የአሠሪው ነው። ተማሪ ግን ተቀጣሪ አይደለም፤ መምህሩ ነው ተቀጣሪ። ሁለቱ አብረው ሲሠሩ ነገሩ ይደበላለቃል። ስለዚህ ፕሮግራም ከመግባት በፊት፣ ገና ምንም ሳይገኝ፣ ሁሉም በሚዋደድበት ቀን፣ የዩኒቨርሲቲውን ፖሊሲ ጠይቆ በአንድ ገጽ ወረቀት መፈራረም ነው። ጓደኛሞቹም እርስ በርሳቸው እንዲሁ፦ ማን ስንት ድርሻ አለው፣ አንዱ ሥራ ይዞ ቢሄድ ድርሻው ምን ይሆናል። ገንዘብ ከመጣ በኋላ የሚነሳ የድርሻ ጥያቄ ጓደኝነትንም ድርጅትንም ይበላል።

ሁሉም አይሳካላቸውም። አብዛኞቹ አይሳካላቸውም ቢባል ይሻላል፤ የትም አገር እንዲሁ ነው። ግን በአሥራ ሁለት ሳምንት ውስጥ፣ ያለ ዕዳ፣ “ይህ አይሸጥም” ብሎ ያረጋገጠ ልጅ ሃያ ነጋዴ ያነጋገረ፣ ዋጋ የተመነ፣ ውል ያነበበ ልጅ ነው። ሥራ ለሚቀጥረውም ሰው የተሻለ ነው። ልጃችሁ “አልሆነም” ብሎ ቤት ሲመጣ፣ ምን እንዳወቀ ጠይቁት።

የጊዜ አቆጣጠሩም ይታሰብበት። ክረምት ላይ የሚጠራ ፕሮግራም ድሬዳዋ ላይ ባዶ ይሆናል፤ ተማሪው ከየክልሉ የመጣ ነውና ወደ ቤቱ ይሄዳል። የተሻለው መንገድ የመመረቂያ ፕሮጀክቱን ከፕሮግራሙ ጋር ማያያዝ ነው። የአምስተኛ ዓመት ተማሪ ርእሱን ከመምረጡ በፊት አንድ ሳምንት ገበያ ወጥቶ ችግር ይሰብስብ፤ ርእሱ ከዚያ ይውጣ፤ በሁለተኛው ሴሚስተር ደግሞ ወደ አክስለሬተሩ ይግባ። ይህ ተጨማሪ ሕንጻም ተጨማሪ በጀትም አይጠይቅም፤ የዲፓርትመንት ስብሰባ ውሳኔ ይበቃዋል።

ለመመዝገብ የምታስቡ ተማሪዎች፣ ፕሮግራሙን የሚመራውን ሰው ጠይቁት፦ ባለፈው ዙር ከወጡት ውስጥ ዛሬም እየሸጠ ያለ ማን አለ? ልናገኘው እንችላለን? በሳምንት ስንት ቀን ከግቢ ውጪ እንሆናለን? ድርሻ ትወስዳላችሁ ወይ? መልሱ ከተድበሰበሰ ጊዜያችሁን አትስጡ።

ድሬዳዋ ላይ የምትነግዱ ደግሞ፣ ተማሪ ደብተር ይዞ ሱቃችሁ በር ላይ ሲቆም ሻይ ጋብዛችሁ “በርታ” ብላችሁ አትሸኙት። ባለፈው ወር ምን ላይ ገንዘብ እንደጠፋባችሁ፣ ስንት እንደሆነ፣ በቁጥር ንገሩት። የሠራውን ይዞ ሲመለስም የሚሠራ ከሆነ ግዙት፤ የማይሠራ ከሆነ ለምን እንደማትገዙት ፊት ለፊት ንገሩት።